ጽዋው ማን ቤት ነው?

በየሰፈራችን ደመወዝ የሌለው፣ የሥራ ልምድ ተብሎ ማመልከቻ ላይ የማይጻፍ፣ ሲቀሩበት ግን ከመሥሪያ ቤት ይበልጥ የሚያስወቅስ አንድ ሥራ አለ። ቅዳሜ ማታ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ የሚጠርገው ወጣት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለነዳያን ንፍሮ የምታድለው እናት፣ ለጥምቀት አስፋልት የሚያጥበው የሰፈር ልጅ፣ የሰበካ ጉባኤውን ሂሳብ ማታ ቁጭ ብሎ የሚያመሳክረው የባንክ ሠራተኛ፣ ሁሉም የዚህ ሥራ ባለቤቶች ናቸው። ለምን እንደሚሠሩት ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ ረጅም መልስ የላቸውም። «አገልግሎት ነው» ብለው ያልፋሉ።

እኔ ያደግሁት ጨርቆስ ነው። በመዝገብ ላይ ቂርቆስ ተብሎ ቢጻፍም እኛ የሰፈሩ ልጆች ጨርቆስ ካላልነው የእኛ አይመስለንም። ቤቶቹ ከመጠጋጋታቸው የተነሣ የአንዱ ጓዳ ወሬ የሌላው ሳሎን ውስጥ ይሰማል። እዚያ ብቻውን የሚደግስ ሰው፣ ብቻውን የሚያለቅስ ሐዘንተኛ አይቼ አላውቅም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት ትምህርት ቤት ከመማራችን በፊት ደጃፋችን ላይ ኖረነዋል።

ይህን ጉዳይ ዛሬ እንዳነሣው ያደረገኝ ግን ትዝታ ብቻ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጎረቤታችን ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ አክስቴ ከተነሡት አንዷ ነበረች። ከቤቱና ከሱቁ ጋር አብሮ ምን እንደተነሣ ያየሁት በእሷ በኩል ነው። ለቤት ምትክ ቤት ይሰጣል። ለጽዋ ማኅበር፣ ለሰንበቴ፣ አብረው ምንጣፍ ለሚያነጥፉ ልጆች ግን ምትክ የሚሰጥ ቢሮ የለም። ያን የሚተኩት ራሳቸው አገልጋዮቹ ናቸው፤ ከተኩት።

ሁለቱ የሰፈራችን ቅዱሳን

ክፍለ ከተማችን ስሙን የወሰደው ከቅዱስ ቂርቆስ ነው። ገድሉን የሰማ ሁሉ እንደሚያውቀው ቂርቆስ የ3 ዓመት ሕፃን ነበር። እናቱ ኢየሉጣ በስደት ዘመን ይዛው ሸሸች፤ ተይዘውም ከፈላ ውሃ ፊት ቆሙ። በዚያች ሰዓት እናት ፈራች፤ ያበረታት ሕፃኑ ነው። ሐምሌ 19 ቀን ቅዱስ ገብርኤል ከእሳቱ እንዳወጣቸው፣ ጥር 15 ደግሞ የሕፃኑ ሰማዕትነት ይታሰባል። ልጅ ሆኜ ይህን ታሪክ ስሰማ የሚደንቀኝ የፈላው ውሃ ነበር። አሁን የሚደንቀኝ ሌላ ነው። ከሁለቱ የሚበረታው ማን እንደሆነ አስቀድሞ አይታወቅም። የደከመው ትልቁ፣ የበረታው ትንሹ ሊሆን ይችላል። አብሮ ማገልገል ከጥንትም ትርጉሙ ይህ ነው፤ በተራ መበርታት።

ሁለተኛው ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ፣ መስቀል አደባባይ ጎን ይገኛል። እስጢፋኖስን ሁላችንም በድንጋይ ተወግሮ እንደሞተ ቀዳሜ ሰማዕት እናውቀዋለን። መጀመሪያ የተመረጠው ግን ለምን እንደነበር ብዙ ጊዜ አይነገርም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደተጻፈው፣ በኢየሩሳሌም በነበሩት ምእመናን መካከል ጭቅጭቅ ተነሣ። ግሪክኛ የሚናገሩት ወገኖች የእኛ መበለቶች በየዕለቱ ከሚታደለው ምግብ ይዘለላሉ ብለው አጉረመረሙ። ሐዋርያት ቅሬታውን አላድበሰበሱትም፤ ማስተማሩንም ማዕዱንም እኛ እንያዝ አላሉም። ሕዝቡ ራሱ የታመኑ 7 ሰዎች እንዲመርጥ አደረጉ። እስጢፋኖስ የመጀመሪያው ተመራጭ ነበር። ያ ሰማዕት አገልግሎቱን የጀመረው እንጀራ ለመበለቶች በትክክል እንዲደርስ በማድረግ ነው ማለት ነው።

ይህን ሳስብ በየደብሩ ጀርባ፣ ጭስ በጠቆረበት ማእድ ቤት፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ወጥ የሚያማስሉ እናቶች ይታዩኛል። በበዓሉ ፎቶግራፍ ውስጥ የሉም። ማይክሮፎንም አልያዙም። ግን እነሱ ባይኖሩ በዓሉ ከቀትር አያልፍም ነበር።

ተራ የሚባለው ነገር

እናቴ የቂርቆስ ጽዋ ማኅበርተኛ ነበረች። 12 ነበሩ። ወር በገባ በ15ኛው ቀን ማኅበሩ ከአንዱ ቤት ይውላል። 12 ሰው፣ 12 ወር፤ ለእያንዳንዱ በዓመት አንድ ተራ ይደርሰዋል። ተረኛዋ ቀኑ ሳይደርስ ጠላዋን ትጠምቃለች፣ ድፎ ዳቦዋን ትደፋለች። የዕለቱ ዕለት የንስሐ አባት መጥተው ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦውን ባርከው ይቆርሳሉ። የማኅበሩ መሪ «ሙሴ» ይባላል። ሕዝብ ይዞ ስለሚጓዝ ይመስለኛል። ዘግይቶ የመጣውን የሚገሥጸው፣ የተጣሉትን ሳያስታርቅ ጽዋው እንዳይነሣ የሚከለክለው እሱ ነው። ሲመሽ ጽዋው በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ጧፍ በርቶ፣ በዝማሬ ታጅቦ ወደ ቀጣዩ ተረኛ ቤት ይሄዳል። በዚያ ወር ጽዋው ያለበት ቤት ጠብ አይነሣበትም ይባል ነበር። በእኛ ቤት በተቀመጠበት ወር አባቴ እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው።

አንድ ዓመት ተራው ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጆች የምታሳድግ እናት ላይ ወደቀ። በዚያ ሰሞን በቤቷ ዱቄት እንኳ አልነበረም። ልለፍ ብትል ማንም አይወቅሳትም፤ ግን መለፍ ለእሷ ከሰው ቁጥር መውጣት ነበር። ማኅበርተኞቹ ይህን ሳይነጋገሩ ተረዱት። በዓሉ ሳምንት ሲቀረው፣ ማታ ማታ፣ አንዷ ብቅል፣ አንዷ ጌሾ፣ አንዷ የስንዴ ዱቄት ይዘው በጓሮ በር ይገቡ ጀመር። እናቴ የወሰደችው ዘይትና ሽንኩርት ነበር፤ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሌሊቱን አብረው ጋገሩ። ጠዋት ላይ ግን ሁሉም ወደየቤቱ ተመልሶ፣ ልብሱን ቀይሮ፣ እንደ እንግዳ በፊት ለፊት በር መጣ። ሴትዮዋ በሯ ላይ ቆማ ተቀበለቻቸው። የዚያን ቀን ድግሱ የእሷ ነበር።

ስለ በጎ አድራጎት ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ። እንደዚያ ሌሊት ያስተማረኝ ግን የለም። ሰውን መርዳትና ሰውን አብሮን እንዲያገለግል ማድረግ ልዩነት አላቸው። የመጀመሪያው ሆድ ይሞላል፤ ሁለተኛው ቀና ያደርጋል። ተራ የሚባለው ነገር ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። ሀብታሙ በየወሩ ልደግስ ቢል አይፈቀድለትም። ድሃዋም ሁልጊዜ ተጋባዥ ሆና እንድትቀር አይፈለግም።

ደመራው ከመለኮሱ በፊት፣ ታቦቱ ከመውጣቱ በፊት

መስከረም 16 ቀን መስቀል አደባባይ የምናየው ደመራ በክፍለ ከተማችን ከሚደረጉ በዓላት ሁሉ ትልቁ ነው። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ሰፍረዋል። ዓለም የመዘገበው ግን የተጠናቀቀውን በዓል ነው። እኛ የሰፈሩ ሰዎች የምናውቀው ከዚያ በፊት ያለውን ነው።

ገና ክረምቱ ሳይወጣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ማታ ማታ ጥናት ይጀምራሉ። ዝናብ ሲመጣ አዳራሽ፣ ሲያባራ ግቢ ውስጥ። ተማሪው ከትምህርት ቤት፣ ሠራተኛው ከሥራ፣ የጎዳና ነጋዴው ዕቃውን ጠቅልሎ ይመጣል። ከየደብሩ የተሰባሰቡ ወጣቶች በአንድ ድምፅ እንዲዘምሩ፣ እግራቸውም በአንድ ጊዜ እንዲነሣ ስንት ማታ እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው ያጠናው ብቻ ነው። የደመራው ዕለት በቴሌቪዥን የምናያቸው ደቂቃዎች የእነዚያ ማታዎች ፍሬ ናቸው።

የጥምቀት ምንጣፍ ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ በአዲስ አበባ የተለመደው ይህ አገልግሎት ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ቀይ ምንጣፍ አስፋልት ላይ መዘርጋት። ነገር ግን ታቦቱ የሚሄድበትን መንገድ ሁሉ የሚሸፍን ምንጣፍ ያለው ሰፈር የለም። ስለዚህ ያለችው ምንጣፍ ትዞራለች። ታቦቱ ያለፈበትን የኋላ ልጆች ጠቅልለው በትከሻቸው ተሸክመው፣ ከሕዝቡ ጎን ለጎን እየሮጡ ወደ ፊት ያደርሳሉ፤ የፊት ልጆች ተቀብለው ይዘረጋሉ። ሌሎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሕዝቡን ከሁለት ወገን ይይዛሉ። ሌሎች ቄጤማ ይጎዘጉዛሉ። የኋላው ቢዘገይ የፊቱ ባዶ አስፋልት ላይ ይቆማል። የፊቱ ቢቸኩል ምንጣፉ ይጣመማል። ከኋላ ሆኖ የሚጠቀልለው ልጅ ብዙ ጊዜ ታቦቱን ፊት ለፊት ሳያይ በዓሉ ያልፋል፤ የሚያየው የሕዝቡን ጀርባና የሚጠቀለለውን ጨርቅ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ያ የኋላ ልጅ ነው። የበዓሉን ፊት ሳያይ በዓሉን የሚሠራ። ከተራ ዋዜማ ጎዳናውን በሚያጥቡበት ሰዓት ደግሞ የሙስሊም ጎረቤት ልጆች ውሃ በጀሪካን ሲያቀብሉ፣ መጥረጊያ ሲያውሱ ማየት በሰፈራችን ብርቅ አይደለም። አብረው አድገዋል፤ መንገዱም የሁሉም ነው።

ርስት የሌላት ቤተ ክርስቲያን

ለወጣት አንባቢዎቼ አንድ ታሪክ ላስታውስ። ይህ በፈቃድ የሚሰጥ ጉልበትና ገንዘብ ዛሬ እንደ ተጨማሪ ነገር ይታየን ይሆናል። ነገር ግን ከ50 ዓመት በፊት ቤተ ክርስቲያኒቱ እንድትቆም ያደረጋት እሱ ነው።

በ1965 ዓ.ም.፣ በፓትርያርኩ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ ቃለ ዓዋዲ የተባለው ደንብ ወጣ። በየአጥቢያው ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድነት የሚወከሉበት ሰበካ ጉባኤ እንዲቋቋም ያዘዘ ደንብ ነው። ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያኒቱ ሰፊ መሬት ነበራት፤ ካህናቷም በአብዛኛው የሚኖሩት ከመሬት በሚገኝ ገቢ ነበር። ብዙ ሳይቆይ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። በጥቂት ወራት ውስጥ ለዘመናት የተለመደው የኑሮ መሠረት ተናደ።

ከዚያ በኋላ የደብሩን ጧፍና ዕጣን፣ የካህኑን ቀለብ፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ የሸፈነው ምእመኑ በየወሩ የሚያዋጣው ገንዘብና የሚሰጠው ጉልበት ነው። ሃይማኖት እንደ ኋላ ቀርነት በሚታይበት ዘመን፣ ከቀበሌ ስብሰባ ወጥተው በጨለማ ወደ ደብር ሄደው አስተዋጽኦ የከፈሉ እናትና አባቶች ነበሩን። ርስት ሲሄድ ፈቃድ ቀረ። ፈቃድ ደግሞ አይወረስም።

ካዛንቺስ ሲነሣ

ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው መኖሪያ ከሠሩበት ድርጅት ስም ነው። እኛ ግን ስሙን ወስደን የራሳችን አደረግነው። ጠባብ መንገዶቿን፣ የመናኸሪያውን ጫጫታ፣ ከኡራኤል በኩል የሚሰማውን የቅዳሴ ድምፅ የማያስታውስ የድሮ ነዋሪ የለም።

አክስቴ የኡራኤል ማኅበርተኛ ናት፤ በየወሩ በ22 ይሰበሰባሉ። የመነሣቱ ነገር ቁርጥ ሲሆን ሁሉም ሰው በየቤቱ ቆርቆሮ ሲነቅል፣ ዕቃ ሲጠቀልል ሰነበተ። በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል በስልክ የሚዞር አንድ ጥያቄ ነበር። «ጽዋው ማን ቤት ነው?» ጽዋው የነበረው ከአንዲት አዛውንት ቤት ነው። እሳቸው ደግሞ ወደ ገላን ጉራ ነው የደረሳቸው። አልጋውና ቁም ሣጥኑ ከኢሱዙው ላይ ተጫነ። ጽዋውን ግን ከዕቃ ጋር አልጫኑትም። በጋቢና ተቀምጠው፣ በነጠላ ጠቅልለው፣ እቅፋቸው ላይ አድርገው ነው የሄዱት።

የመጀመሪያው 22 ሲደርስ ማኅበሩ መከረ። ሦስት ሐሳብ ቀረበ። አንዱ፣ ሁሉም በሄደበት አጥቢያ ያለውን ማኅበር ይቀላቀል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ማኅበሩ በሁለት ይከፈል፤ ገላን ያሉት ለብቻ፣ ከተማ የቀሩት ለብቻ። ሦስተኛው፣ እንደ ድሮው ቤት ለቤት ይዙር። ለሦስተኛው ያለቀሱለት ብዙ ነበሩ። ነገር ግን አዛውንቶች ሁለትና ሦስት ታክሲ ቀይረው፣ ማታ ዝማሬ እየዘመሩ ጽዋ ይሸኙ ማለት አይሆንም። ክርክሩ ከሯል። አንድ አባል ተቆጥቶ እስከ መውጣት ደርሶ ነበር፤ ሙሴው በር ላይ ይዘው መለሱት።

የወሰኑት ከሦስቱም ያልሆነ ነገር ነው። በየወሩ በ22 ሁሉም ኡራኤል ያስቀድሳል። ከቅዳሴ በኋላ እዚያው አካባቢ በአንድነት ዳቦ ቆርሰው ይለያያሉ። ጠላው ቀረ፤ ዳቦውም ከዳቦ ቤት የሚገዛ ሆነ። በድግሱ ፋንታ ተረኛው የሚያወጣው ገንዘብ ለአዛውንቶቹ የትራንስፖርት ይውላል። ተራው ግን አልቀረም። በተራህ ወር የታመመውን የምትጠይቀው፣ የቀረውን የምትደውልለት፣ አዛውንቶቹን ከታክሲ የምትቀበለው አንተ ነህ። ጽዋውም እንደ ድሮው ከተረኛ ወደ ተረኛ ይሄዳል፤ አሁን የሚሄደው በዘንቢል፣ በታክሲ ነው።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልልም። ከ20 በላይ ከነበሩት ውስጥ በየወሩ የሚገኙት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ጠላው በመቅረቱ ያኮረፉ አሉ። አክስቴ ራሷ የቤት ድግስ የሌለበት ማኅበር ጨው የሌለው ወጥ ይመስላታል። በሌላ በኩል ገላን ጉራ ያሉት አዲስ ነገር ጀምረዋል። ከየሰፈሩ ተነሥተው ጎን ለጎን የሰፈሩ፣ ስማቸውን እንኳ በወጉ ያልተዋወቁ ጎረቤቶችን ለቡና እየጠሩ ነው። አክስቴ አብራ ቡና የምታፈላው ከሙስሊም ጎረቤቷ ጋር ነው። ነገ ከዚያ ቡና ዕድር ይወጣ ይሆናል። የሰፈር ማኅበራዊ ኑሮ ሁሉ መነሻው እንዲህ ነው።

ባለፈው ከተራ ደግሞ የካዛንቺስ ልጆች ነገር ልቤን ነካው። ቤታቸው የለም። የሚያነጥፉበት ጎዳና እንኳ ሰፍቶ፣ ተለውጦ፣ የድሮው ምንጣፍ የማይበቃው ሆኗል። ግን በማለዳ ከየአቅጣጫው መጡ፤ ከከተማዋ ዳር ድረስ። ምንጣፏን ጠቅልለው ሮጡ። ማታ ሲሆን ወደየሄዱበት ሰፈር ለመመለስ ታክሲ ሲጠብቁ ተቀምጠው አየኋቸው፤ ደክመዋል፣ ይሳሳቃሉ።

በፈቃድ የሚሠራ ሥራ የት ይሰበራል?

ስለ አገልግሎት ስንጽፍ ሁሉን ማር አድርገን መጻፍ እንወዳለን። እውነቱ ግን ማኅበር የሚፈርሰው በቡልዶዘር ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው ከውስጥ ነው።

በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 3 የኢየሩሳሌም ቅጥር ሲታነጽ የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር አለ። ብዙ ሰው ዝርዝር ስለሆነ ይዘለዋል። እኔ ግን እንደ ሰፈር መዝገብ ነው የማነበው። ሊቀ ካህናቱ ከወንድሞቹ ጋር ይሠራል። ወርቅ ሠሪውና ሽቱ ቀማሚው ድንጋይ ያነሣሉ። አንድ ሹም ከሴት ልጆቹ ጋር ይሠራል። ብዙዎቹ የሠሩት ከቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ክፍል ነው። በዚህ ሁሉ መካከል የቴቁሐ ታላላቆች ብቻ ትከሻቸውን ለሥራው አላዋረዱም ተብሎ ተመዝግቧል። ቅጥሩ በ52 ቀን አለቀ። እነዚያ ታላላቆች ግን ባለመሥራታቸው እስከ ዛሬ ይጠራሉ።

በየማኅበሩ የቴቁሐ ታላላቅ አይጠፋም። ሐሳብ ይሰጣል፣ መጥረጊያ አያነሣም። ከዚህ የባሰው ግን ሥራውን የሚሠራ፣ ሥራውን የእኔ ነው የሚል ሰው ነው። ለዓመታት አንዱን ኃላፊነት ይዞ፣ ቁልፉን በኪሱ አድርጎ፣ ወጣት ሲመጣ «አንተ ገና ነህ» የሚል። እንዲህ ያለ አገልጋይ በሌለበት ቀን በሩ እንደተቆለፈ ይቀራል።

ሁለተኛው መሰበሪያ ገንዘብ ነው። ለምንጣፍ ወይም ለንግሥ ተብሎ የተዋጣ ብር ደረሰኝና የተጻፈ ሂሳብ ከሌለው፣ ማንም ባይሰርቅ እንኳ ሐሜት ይሰርቀዋል። ለመገናኛው ድንኳን ስጦታ ሲሰበሰብ ባለሙያዎቹ ሕዝቡ ከሚያስፈልገው በላይ አመጣ ብለው ለሙሴ ነገሩት፤ እሱም ይብቃ ብሎ አሳወጀ። በቃ የሚል ሰብሳቢ ስንት ጊዜ ሰምተናል? ያን ያህል መታመን ያተረፈ ኮሚቴ ግን ሁለተኛ ጊዜ ሲለምን ማንም አይከለክለውም።

ሦስተኛው በዚህ የቤተሰብ ገጽ ላይ መነሣት ያለበት ነው። እናቶች የሚያነሡት ቅሬታ አለ። ልጄ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ይጠርጋል፣ የቤቱን አልጋ አያነጥፍም። ባሌ ለሌላው ለቅሶ ድንኳን ሲተክል ያድራል፣ ለእኛ አምፖል አይቀይርም። ይህ ቅሬታ ቀልድ አይደለም። ቤት ውስጥ የማይታይ አገልግሎት ውጭ ሲያበራ ሰው ዓይን ውስጥ ለመግባት ነው ያሰኛል። በተቃራኒው ደግሞ በአገልግሎት ስም ሁሉ የተጫነባቸው ጥቂቶች አሉ። «እሷ አትደክምም» እየተባለች በየድግሱ የምትጠራ እናት ትደክማለች፤ አትናገርም እንጂ። በፈቃድ የሚሠራ ሥራ እምቢ ማለት የሚቻልበት ሥራ መሆን አለበት። ካልሆነ ስሙ ግዳጅ ነው።

ከየት እንጀምር?

አንባቢዬ፣ ምናልባት አንቺም አንተም በዚህ ዓመት ሰፈር የቀየራችሁ ትሆናላችሁ። ወይም ሰፈራችሁ ባለበት ቆሞ ሰዎቹ ተለውጠውባችኋል። እኔ በጨርቆስና በካዛንቺስ ካየሁት ተነሥቼ ጥቂት ነገር ልበል።

ትንሽ ሥራ ያዙ። ሰው ለትልቅ ሥራ ይማልና ይቀራል። «በየወሩ በ15 ውሃ የምቀዳው እኔ ነኝ» ያለ ሰው ግን ይመጣል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ተመልካች ሆነው እንዳይቀመጡ የሚይዙት ነገር ስጧቸው። እኔ ያችን ማታ ዘይትና ሽንኩርት ባላደርስ ኖሮ ያ ሁሉ ታሪክ በጆሮዬ ብቻ ይቀር ነበር። ገንዘብ ካለ ይጻፍ፣ ኃላፊነት ካለ ይዙር። ሳምንት ሙሉ ውጭ ያገለገለ ሰው አንድ ቀን ለቤቱ ይስጥ። ከአባላቱ አንዱ ሁለት ወር ከቀረ ደውሉ፤ ከቅሬታ በፊት ደኅንነቱን ጠይቁ። ሰው የሚርቀው አብዛኛውን ጊዜ ተቀይሞ ሳይሆን አፍሮ ነው፤ መዋጮ ጎድሎበት፣ ልብስ አጥሮት፣ ተራውን መድገስ አቅቶት። የዚያን ሰው የጓሮ በር የሚያውቅ አንድ ማኅበርተኛ ካለ ማኅበሩ አይፈርስም።

የዚህ ወር 22 የአክስቴ ተራ ነው። ጽዋው አሁን ገላን ጉራ፣ እሷ ቤት ነው። ከዳቦ ቤት የሚገዛውን ዳቦ ትታ ድፎ ልትደፋ ቆርጣለች፤ ሙሴውም አይተው እንዳላዩ ሊያልፏት ይመስላል። እስከ ኡራኤል ድረስ ዳቦውን የሚሸከምላት ሰው እየፈለገች ነው።